ሁለተኛው አውራ ጣት

ሰይፈዲን ስልኩን ከኪሱ የሚያወጣው ሊደውልበት አልነበረም። ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ሰው ሁሉ እስኪያየው ይጠብቃል። አዲስ አበባ ሄዶ የገዛው አይፎን ነው፤ የባለቤቱን ፊት አይቶ ይከፈታል። መጀመሪያ ባሳየኝ ቀን ለራሴ ያልኩት እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ ይህን ፊት አይቶ የሚከፈት ነገር በመላው መቱ ይኸው ስልክ ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው ማንንም ላስለቅስ አይደለም። ለእህቱ ለዱንያ ያለቀሰ ሞልቷል፤ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ካለቀሱት ግማሾቹ በሕይወት ሳለች ደረጃ ላይ አልፈዋት ሲሄዱ ሰላም ያላሏት ናቸው። የምጽፈው ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። በሷ ስም ደረሰኝ፤ ከአራት መስመር አይበልጥም። እሷ ጽፋው እንደሆነና እንዳልሆነ ያወቅኩት ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ግን አምኜው ነበር።

ጉርሙ እባላለሁ፤ የዳሪሙ ገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ የለቀመውን እሸት ቡና ተሸክሞ ለሐጂ ጀላሉ ሰብሳቢ ሲያስረክብ እያየሁ አደግኩ። መቱ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ የሐጂ ጀላሉ ፎቅ አለ። ከደረጃው ሥር፣ አጎንብሼ በምገባባት ክፍል ውስጥ ስልክ እጠግን ነበር። ኮድ መጻፍ ያስተማረኝ የለም። ቪዲዮ እያየሁ፣ ያልገባኝንም እየገለበጥኩ፣ ሲበላሽ ከመሠረቱ እያፈረስኩ ነው የተማርኩት። በመቱ ልክ አዋቂ ነበርኩ። በመቱ ልክ አዋቂ መሆን ማለት ስትሳሳት የሚነግርህ ሰው የለም ማለት ነው።

ሐጂ ጀላሉ በኖፓ፣ በዳሪሙ፣ በጎሬና በሁሩሙ ቡና የሚረከቡላቸው ሰብሳቢዎች ነበሯቸው። ምን ያህል እሸት እንደገባ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ምን ያህል እንደደረቀ በየቀኑ በስልክ ይልካሉ። ወሬው የሌላ ነጋዴ ጆሮ እየገባ አስቸገራቸው። አንድ ቀን አስጠሩኝና፣

"ከባለቤቱ በቀር ማንም የማይከፍተው ነገር ሥራልኝ" አሉኝ።

"በጣት አሻራ የሚከፈት መተግበሪያ እሠራልዎታለሁ፣ ሐጂ።"

"በኔ ስልክ ካልሠራ አልሠራም ማለት ነው" አለ ልጃቸው ሰይፈዲን ከጎናቸው።

"የሰብሳቢዎቹ አንድሮይድ ነው፣ ያንተ አይፎን። በአንድ ኮድ ሁለቱም ላይ ይሄዳል። እነሱን ጣት ይጠይቃቸዋል፣ አንተን ፊት።"

"አንተ ነህ ይህን የምትሠራው?" አለና ጫማዬን አየ።

ሃይማኖታችንም ይለያይ ነበር፤ የኔ ቤተሰቦች ፕሮቴስታንት ናቸው። ሰይፈዲን ግን ሃይማኖቴ ጋ አልደረሰም። ጫማዬ ላይ ቆመ። እኔም እሱን መናቅ የጀመርኩት ከዚያች ደቂቃ ነው፤ በደንብ ናቅኩት፣ ሳላርፍ ናቅኩት፤ ንቀቱ ዓይኔን እስኪጋርደኝ ድረስ።

*

ሥራውን እንድትሞክር የታዘዘችው ዱንያ ነበረች። ከሰብሳቢዎቹ ጋር የምትነጋገረው እሷ ናት፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ካለችው ቢሮ ሆና ለያንዳንዳቸው በድምፅ መልስ ትልካለች። ወደኔ የወረደችው ከአጎቷ ልጅ ከመርዋ ጋር ነበር። መርዋ ለጥበቃ ነው የተላከችው፤ ጥበቃዋ ግን የያዘችው ቆሎ እስኪያልቅ ነው።

"ጣቴን ከሰጠሁህ አንተ ጋ ይቀራል?" አለችኝ ዱንያ።

"አይቀርም። አሻራሽ ከስልክሽ አይወጣም። መተግበሪያው ስልኩን 'ባለቤቷ ናት ወይ?' ብሎ ይጠይቀዋል፤ ስልኩ ኤዬ ወይም ላኪ ይላል፤ አዎ ወይ አይደለም። ሌላ ምንም አይነግረኝም።"

"ለምን ላኪ እንዳለስ?"

"እሱንም አይናገርም።"

"አባባን ነው እንዴ ስልኬ ውስጥ የከተትከው?"

መርዋ ቆሎው ትን አላት። ዱንያ ግን አልሳቀችም፤ ከንፈሯን ነክሳ እኔ እስክስቅ ጠበቀች። ስስቅ ነው የሳቀችው።

መቆለፊያውን ለመሞከር አንድ ገጽ ሠርቼ ነበር። እሷ የጻፈችበት እኔ ጋ ይደርሳል፣ እኔ የጻፍኩት እሷ ጋ፤ ያለ ባለቤቱ ጣት ግን አይነበብም። "የፈለግሽውን ጻፊበት፣ ለሙከራ ነው" አልኳት። አጎንብሳ ጻፈች። ቁጥሩን ኮዴ ራሷ እየቆጠረች ትሰጣለች፤ ስልኬ ላይ ሲደርሰኝ እንዲህ ይላል፦ "ሙከራ አንድ፦ ሸሚዝህን ገልብጠህ ነው የለበስከው። ከገባሁ ጀምሮ ልነግርህ ፈልጌ መርዋን አፍሬ ነው።"

ወደ ደረቴ አየሁ። ስፌቱ ሁሉ ውጭ ነበር።

"ሰይፈዲን የስልኬን የምስጢር ቁጥር ያውቃል" አለችኝ ስትነሳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ቤታችን ደንብ ነው። የሴት ልጅ ስልክ የምስጢር ቁጥሩ ወንድሟ ጋ ይሆናል።"

"ይወቅ። ይህ ገጽ ቁጥር አይቀበልም። ካንቺ ጣት በቀር የሚከፍተው የለም።"

አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ያዘችው፤ አዲስ ቀለበት ያጠለቀችበት ይመስል። የሷ ብቻ የሆነ ነገር ሰጥቷት የሚያውቅ ሰው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ደስ አለኝ፣ ደስታዬም አስፈራኝ።

*

ሥራው ካለቀ በኋላ ገጹን ማንሳት ነበረብኝ። አላነሳሁትም። እሷም መሞከሯን አልተወችም።

"ሙከራ ዘጠኝ፦ ዛሬ የጎሬው ሰብሳቢ ድምፄን ሰምቶ ጉንፋን ይዞሻል አለኝ። አንተ ከሥር ሆነህ ስታስል ሰምቼ እኔም ማሳል ጀምሬ ነው።"

"ሙከራ አሥራ ሰባት፦ ደረጃ ላይ ቀና ብለህ አትየኝ። ሰው እንዳያየን አይደለም፣ ስለምሰናከል ነው።"

"ሙከራ ሠላሳ፦ ሶር ፏፏቴ ድረስ ሄደን፣ ሰው ሁሉ እያየን፣ አጠገብህ ተቀምጬ አንድ ቃል ሳልናገርህ መዋል እፈልጋለሁ። መናገሩማ እዚህም አለ።"

እኔ የምመልሰው አጭር ነበር። ቋንቋ አልተማርኩም፤ "ይሁን" እላለሁ፣ "እሺ" እላለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ረዘም አድርጌ፣ ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ምን ይላሉ ብዬ ጻፍኩላት። "እንደ ስልኩ ናቸው" ብላ መለሰች፤ "ግን ላኪ ካሉህም ጣትህን አብሰህ ድገም።"

መቆለፊያው መጀመሪያ ሲሠራ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። በስልኩ ላይ አዲስ ጣት ከተመዘገበ የመተግበሪያው ቁልፍ ይሰበራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስልኩ ላይ ስንት ጣት ቢመዘገብ ስልኩ ለሁሉም ኤዬ ነው የሚለው፤ የማን ጣት እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ አዲስ ጣት በመጣ ቁጥር ቁልፉ ይሰበርና እኔ ራሴ ሄጄ ባለቤቱን አይቼ እንደገና እከፍትለታለሁ። ይህን ሕግ የጻፉት ከኔ የተሻሉ ሰዎች ናቸው።

የቡና ለቀማ መጣ። በለቀማ ወራት የሰብሳቢ እጅ እጅ አይደለም። የተለቀመውን እሸት ሌሊት ሲያፍሱ፣ መፈልፈያ ማሽኑ ሥር ቡና ሲያጥቡ፣ አልጋ ላይ ሲያገላብጡ የጣታቸው ቆዳ ይላጣል። ስልኩ አላውቃችሁም ይላቸዋል፤ እነሱም ሌላ ጣት ያስመዘግባሉ፤ ቁልፉ ይሰበራል፤ እኔ እሄዳለሁ።

"ይህ ስልክ ከባለቤቴ ባሰ" አሉኝ የኖፓው ሰብሳቢ ጋሼ ጭምዴሳ፣ የቀሉ ጣቶቻቸውን ዘርግተው። "እሷ እንኳ ሰክሬ ስገባ ነው ሂን ቤኩ፣ አላውቅህም የምትለኝ። ይህ በጠራራ ፀሐይ ይለኛል።"

"ጣትዎ ተልጦ ነው፣ ጋሼ።"

"ሠላሳ ዓመት በዚህ ጣት በልቻለሁ። ዛሬ ያንተ አይደለም ተባልኩ።"

ወደ ዳሪሙ ሞተር ሳይክል የሚደርሰው ግማሽ መንገድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። በኅዳር ለአራተኛ ጊዜ ጭቃውን ረግጬ ስመለስ አንድ ቀን ሙሉ ከደረጃው ርቄ ውዬ ነበር። እሷ ስትወጣም ስትወርድም አላየሁም። ያን ዕለት ኮዱን ከፈትኩና ሕጉን አጠፋሁት። አንዲት ቃል ናት፤ አዎ የምትለዋን አይደለም ማድረግ። ከዚያ በኋላ በስልኩ ላይ የተመዘገበ ጣት ሁሉ፣ ትናንትም ይመዝገብ ዛሬ፣ ለመተግበሪያው ባለቤት ሆነ። ለሐጂ አልነገርኩም። ለዱንያም አልነገርኩም። ሰብሳቢዎቹ መረቁኝ።

በጥር ወር የሚከተለው ደረሰኝ።

"ሙከራ አርባ አንድ፦ ይህ ጨዋታ በቃኝ። አንተ የተሰበረ መስታወት ቀያሪ ነህ፤ እኔ የሐጂ ጀላሉ ልጅ ነኝ። ቦታህን አላውቅ ካልክ እዚህ ላይ ተነግሮሃል። ከእንግዲህ እንዳትጽፍልኝ።"

አባቷን "ሐጂ ጀላሉ" ብላ አታውቅም፤ "አባባ" ነው የምትለው። አስተውያለሁ። በማግስቱ ደግሞ ሌላ መጣ፤ "ሙከራ አርባ አንድ፦ ዛሬ በሩ ላይ ሦስቴ አለፍኩ። ለምን ቀና አላልክም?" ይላል። ሁለት አርባ አንድ። ይህንንም አስተውያለሁ። ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? ቁጥር የምትቆጥረው ኮዴ ተሳስታለች አልኩ። ሲመቸኝ ላስተካክላት ማስታወሻ ያዝኩ። ሁለተኛው መልእክት ደግሞ ፌዝ መሰለኝ፤ ትናንት ሰድባኝ ዛሬ ልትጫወትብኝ የመጣች መሰለኝ።

ሁለት ምስክር ቆሞ እየጮኸልኝ፣ እኔ መቆለፊያዬን አመንኩ።

*

በሦስተኛው ቀን ራሷ መጣች። መርዋ በሩ ላይ ቀረች።

"ስልኬ ተበላሽቷል" አለች ዱንያ። ያልተበላሸ ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

"የሐጂ ጀላሉ ልጅ ስልክ እዚህ አይጠገንም" አልኩ፤ ቀና ሳልል። "ይህ የተሰበረ መስታወት የሚቀየርበት ቤት ነው።"

"ምንድን ነው የምታወራው?"

"የጻፍሽውን።"

"ምን ጻፍኩ?"

ስልኬን አንስቼ ባሳያት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አላነሳሁትም። ማሳየት ልመና መሰለኝ። ወንድሟ ጫማዬን ያየበት ዓይን በሷም ፊት ላይ ያለ መስሎ ታየኝ፤ ለዚያ ዓይን ደግሞ መልስ ካዘጋጀሁ ሰንብቻለሁ። ለሱ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ለሷ ሰጠኋት።

"እናንተ ቤት ሰው የሚናገረውን ማግስቱን አያውቀውም እንዴ? ገጹን ካንቺ ጣት በቀር የሚከፍተው የለም። እኔ ነኝ የሠራሁት።"

አውራ ጣቷን ገልብጣ አየችው፤ የሌላ ሰው ጣት እንደምታይ።

"እንግዲያው እኔ ነኛ" አለች።

"ነይ፣ ሰው እያየን ነው" አለች መርዋ ከበሩ።

ስልኳን አንስታ ወጣች። ደረጃውን ስትወጣ እርምጃዋን ቆጠርኩ፤ አልተሰናከለችም። ረታኋት ብዬ ዋልኩ። ሰው በገዛ ደጁ ላይ ምን ያህል ሊደኸይ እንደሚችል የማውቀው ከዚያ ቀን ነው።

*

በመጋቢት አጋማሽ የቡና ናሙና ይዛ በአባቷ ፒክአፕ ወደ በደሌ ስትጓዝ፣ ያዮ ጫካ ውስጥ ካሉት ጠመዝማዛዎች አንዱ ላይ መኪናው በዝናብ ተንሸራቶ ወደቀ። ሾፌሩ ክንዱ ተሰበረ። ዱንያ እዚያው ቀረች። ቦርሳዋ ውስጥ የነበረው ስልክ ግን መስታወቱ እንኳ አልተሰነጠቀም። የምቀይረው ነገር አልተወችልኝም።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ገባሁ። በፊት አልሄድኩም፤ ምኗ ነኝ ብዬ ልቀመጥ? ድንኳኑ ውስጥ ነጋዴዎቹ ተደርድረው ስለ መንገዱ መበላሸት ያወራሉ። አንዱ ስለ ፒክአፑ ጎማ ይጠይቃል። ሌላው ዱዓ ሲደረግ መዳፉን ዘርግቶ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ሰይፈዲን ጥግ ላይ ነበር። አይፎኑን አላወጣውም። ያን ብቻ አየሁለት።

መርዋ መጥታ ክንዴን ነካችኝ። "እትዬ ዘህራ ትፈልግሃለች።"

የዱንያ እናት እትዬ ዘህራ በረንዳው ላይ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠዋል። የልጃቸውን ስልክ ይዘዋል። እንዳይጠፋ ሦስት ቀን ሙሉ ከኤሌክትሪክ ሳይነቅሉት ኖረዋል፤ ሰው እየደወለ ሲጮህ ደስ ይላቸው ነበር አለችኝ መርዋ በኋላ።

"ጉርሙ ልጄ" አሉኝ፣ "ድምጿ እዚህ ውስጥ አለ ይሉኛል። ለእነ ጭምዴሳ የምትልከው። አንድ ጊዜ አሰማኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።"

ድምፁ ሰብሳቢዎቹ ጋ ከአንድ ቀን በላይ እንዳይቆይ ሐጂ አዝዘውኝ ነበር፤ የቀረው ከሷ ስልክ ላይ ብቻ ነው።

"እትዬ፣ መተግበሪያው ጣቷን ነው የሚፈልገው። ቁጥር አይቀበልም።"

"ቁጥሩንም ቀይራዋለች" አለች መርዋ። "በጥር ነው የቀየረችው። ለኔም አልነገረችኝም።"

"ስልኩ ራሱ ደግሞ በየሦስት ቀኑ ቁጥሩን ካልነገሩት ከዚያ ወዲያ ጣትም አይቀበልም" አልኩ። "ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቢሆንም ያው ነው። ከሷ በቀር ማንም ሊከፍተው አይችልም። እኔም አልችልም። ሲሠራ እንዲያ ተደርጎ ነው።"

ይህን ስናገር ድምፄ ውስጥ ምን እንደነበረ አውቃለሁ። ኩራት ነበር። የሞተች ሴት እናት ፊት ቆሜ በመቆለፊያዬ ጥንካሬ ኮራሁ።

እትዬ ዘህራ አልጮሁም። የስልኩን መስታወት በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉት። "እንግዲያው ማታ ደግሞ ትሞታለቻ" አሉ።

ሰይፈዲን መቼ ከድንኳኑ እንደወጣ አላየሁም። ከበረንዳው ደረጃ ሥር ቆሞ ነበር። ወጣ፤ እናቱ ፊት በርከክ አለ፤ ስልኩን ከእጃቸው ወሰደ። አውራ ጣቱን በስልኩ ጀርባ ካለው የጣት ቦታ ላይ አሳረፈ።

ስልኩ ተከፈተ።

የቡናውን መተግበሪያ ነካው። ጣት ጠየቀው። ደግሞ አሳረፈ። ተከፈተ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ አንዲት አሮጊት።

ሌሎቹም ተከተሉ። በረንዳው ላይ ካሉት ሁሉ ምን እንደሆነ የገባን ሁለት ሰዎች ነን። እሱ ወደኔ አላየም። ስልኩን ለኔ አቀበለኝ፤ እኔ ደግሞ የመጨረሻውን ድምፅ ፈልጌ ከፈትኩላቸው።

"ጋሼ ጭምዴሳ፣ እንዴት ዋላችሁ" አለች ዱንያ። "የላይኛው አልጋ ላይ ያለውን ዝናብ ሳይመጣ ሸፍኑት። ደግሞ ማታ ማታ እጅዎን ቅባት ይቀቡ፣ አቦ። ስልኩ የጠላዎት ክፉ ስለሆኑ አይደለም።" ከዚያ ትንሽ ሳቅ፣ ከዚያ ዝም።

እትዬ ዘህራ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቆዩ። "ድገመው" አሉ። ደገምኩት። መርዋ ያሉትን ድምፆች ሁሉ ወደ ራሷ ስልክ ስታስተላልፍ እኔ ቆሜ አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ። ሁለት አርባ አንድ። ኮዴ አልተሳሳተችም። ከስልኩ የተሰረዘውን አትቆጥርም፤ የዱንያን ቁጥር በትክክል ያወቀችው ኮዴ ብቻ ነበረች።

*

ሰይፈዲንን ከቤቱ ኋላ፣ የውኃ ታንከሩ ሥር አገኘሁት። የሚጠብቀኝ ይመስል ነበር።

"መቼ ነው?" አልኩት።

"በጥር። ቁጥሩን አውቅ ነበር። ጣቴን አስገባሁ፤ ሳላምን ሞከርኩት፣ ከፈተልኝ።"

"አርባ አንደኛውስ?"

"እኔ ነኝ። ልኬ ከሷ ስልክ ላይ አጠፋሁት።" ዓይኑ መሬት ላይ ነበር። "ቤት እንዳይዋረድ ብዬ ነው።"

ስንቀው በኖርኩባቸው ወራት ሁሉ ያጠራቀምኩትን ቃል አፌ ላይ አመጣሁት። የወጣው ግን ይህ ነበር።

"ጽሑፍ አትችልበትም። እሷ አባቷን ሐጂ ጀላሉ ብላ አታውቅም። ሰው ስድብ እንኳ ሲሰርቅ ባለቤቱን ያጠናል።"

ያን ጊዜ ቀና አለ። ጫማዬን አይደለም፤ ፊቴን አየ።

"አንተ ግን አመንከኝ" አለ።

እሱ የተከፈተ በር ነው የገፋው። በሩን ዳሪሙ ድረስ መሄድ ሰልችቶኝ ገርበብ አድርጌ የተውኩት እኔ ነኝ፤ ተዘግቷል ብዬ የማልኩባትም እኔ ነኝ። እሱ እንኳ እናቱ ሁለተኛ እንዳያዝኑ ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ራሱን አጋለጠ። እኔ ለዱንያ ብዬ ስልኬን ከጠረጴዛ ላይ አላነሳሁም። ንቀቴን ይዤ የማስቀምጥበት ሰው ስፈልግ ከራሴ የተሻለ አላገኘሁም።

የሙከራው ገጽ ለብቻው ጣት ይጠይቃል። ከመርዋ ተቀብዬ የመጣሁትን የዱንያን ስልክ ዘረጋሁለት።

"አንዴ ድገመው።"

"ምኑን?"

"ገጹን። ታውቀዋለህ።"

አውራ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ አሳረፈ። ከሁሉም ሥር አንድ ያልተላከ ጽሑፍ ነበር። ወደኔ የመጣችበት ዕለት ማታ የተጻፈ ነው።

"ሙከራ አርባ ሁለት፦ ምን እንዳነበብክ አላውቅም። እኔ አልጻፍኩትም። ግን ካንቺ ጣት በቀር የሚከፍተው የለም አልከኝ፤ አንተ ደግሞ ሥራህን ታውቃለህ። ስለዚህ የሚዋሽ አለ፤ ወይ መቆለፊያህ ወይ እኔ። ማንን እንዳመንክ አየሁ። ቁጥሬን ቀይሬያለሁ። ይጠቅም እንደሆነ የምጠይቀው ሰው አንተ ብቻ ነበርክ። ይህን አልልከውም። ሸሚዝህ ዛሬም ተገልብጧል።"

አይጠቅምም ነበር። ቁጥር መቀየር የተመዘገበን ጣት አያወጣም። ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር፤ እንዳትጠይቀኝ አድርጌ ሸኝቻታለሁ።

"ምን ይላል?" አለ ሰይፈዲን።

"አላነበብከውም?"

"ከዚያ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም። ወላሂ።"

አመንኩት። ማመን የለመደብኝ ለሱ ነው መሰል።

"ስለ ሸሚዝ ነው" አልኩት።

ሳይመሽ ስልኩ ቁጥሩን ጠየቀ። የሚነግረው አልተገኘም። ከዚያ በኋላ የሰይፈዲንም ጣት ላኪ ተባለ፤ እኩል ሆንን።

*

ያን ሳምንት ሕጉን መለስኩት። ዛሬ በአንዱ ስልክ ላይ አዲስ ጣት ቢመዘገብ ቁልፉ እዚያው ይሰበራል። በለቀማ ወራት በየሳምንቱ ኖፓ እወርዳለሁ፣ በየሳምንቱ የዳሪሙን ጭቃ እረግጣለሁ። ሰብሳቢዎቹ ይረግሙኛል። ሐጂ ጀላሉ ለምን እንዳጠበቅኩት አንድም ቀን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ሰይፈዲን ደረጃው ላይ ሲያልፍ "አካም" ብሎ ሰላም ይለኛል፤ አካም እለዋለሁ። ከዚያ የሚያልፍ ነገር በመካከላችን የለም፣ እንዲኖርም አልፈልግም።

ባለፈው ጋሼ ጭምዴሳ ከሩቅ ሲያዩኝ ከአልጋው ሥር ተነሱ። በለቀማው የተላጠ አውራ ጣታቸውን ፊቴ ላይ ዘረጉት።

"ዛሬም እኔ አይደለሁም ይላል" አሉ። "አንተ ምን ትላለህ?"

ውኃ አመጣሁ። ጣታቸውን አጥቤ በሸሚዜ ጫፍ አደረቅኩላቸው። ሸሚዙ በትክክል ነበር የተለበሰው፤ አሁን ጠዋት ጠዋት አያለሁ።

"እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ስልኩን ይተዉት። እኔ አውቅዎታለሁ።"

ከዚህ የሚያንስ ነበር ዱንያ የምትፈልገው። አውራ ጣቷን ገልብጣ ባየችባት ቅጽበት፣ አንድ ጊዜ ቀና ብዬ እንዲህ ማለት፦ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም፣ እኔ አውቅሻለሁ።